የመንግስት ኮሌጅ ሰራተኞች፣ ለጡረታ መዘጋጀት በ50 ይጀመር እንጂ በ59 አይጀመር

ይሄን የምፅፈው መንግስት ኮሌጅ ውስጥ ለምትሰሩ ሁሉ ነው። መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይሁን ጤና ሳይንስ፣ ፖሊ ቴክኒክ ይሁን ዩኒቨርሲቲ፣ መምህር ሁኑ አሰልጣኝ፣ ሬጅስትራር፣ ላይብረሪ፣ ግምጃ ቤት፣ ሹፌር፣ ጥበቃ፣ ፅዳት፣ የጡረታ ህጉ ለሁላችሁም አንድ ነው። የኔ ስራ ከሰው ሀብት ፋይል ጋር ስለሆነ ሰው 60 ሊሞላው ሁለት ሶስት ወር ሲቀረው መጥቶ "ለመሆኑ የኔ ስንት ይደርሳል?" ሲል እሰማለሁ፣ በዛ ሰአት ደግሞ ማስተካከል የሚቻለው ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ያሳዝነኛል። በ50 አመታችሁ ብትጀምሩት ግን (50ን ካለፋችሁም ዛሬውኑ) ብዙው ነገር ይስተካከላል።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንወቀው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው 30 አመት ከደሞዙ እየተቆረጠ እንኳ ስሌቱን አያውቀውም። አሁን የሚሰራው የመንግስት ሰራተኞች ጡረታ አዋጅ 1267/2014 ነው፣ ከሱ በፊት 714/2003 ነበር። በየወሩ ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ኮሌጁ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ግን ይሄ ብር በስማችሁ ተጠራቅሞ በመጨረሻ የሚሰጣችሁ ቁጠባ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። የጡረታ አበላችሁ የሚሰላው በሁለት ነገር ነው፣ ስንት አመት አገለገላችሁ እና የመጨረሻው የሶስት አመት ደሞዛችሁ በአማካይ ስንት ነበር። ለመጀመሪያው 10 አመት አገልግሎት 30 በመቶ ታገኛላችሁ፣ ከዛ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ አመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 20 አመት ያገለገለ 42.5 በመቶ፣ 30 አመት ያገለገለ 55 በመቶ፣ በ22 አመቱ ተቀጥሮ ሳይቋረጥ እስከ 60 የሰራ ሰው ደግሞ 65 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። 70 በመቶ ለመድረስ 42 አመት ስለሚያስፈልግ ለኮሌጅ መምህር፣ ዲግሪውን ይዞ ዘግይቶ ለሚቀጠረው፣ የሚደረስበት አይደለም። ከ10 አመት በታች አገልግሎት ይዞ 60 የሞላው ሰው ወርሃዊ አበል የለውም፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ዘግይታችሁ የተቀጠራችሁ ሰዎች 10 አመቱ ይሞላ አይሞላ እንደሆነ በቀን ቆጥራችሁ እወቁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ደሞዝ ሲባል የተጣራውም አይደለም፣ በየወሩ እጃችሁ የሚገባው ጠቅላላ ገቢም አይደለም፣ አበል ያልተጨመረበት መደበኛ የወር ደሞዙ ብቻ ነው። የቤት አበል፣ የሃላፊነት አበል፣ ትራንስፖርት፣ ኦቨርሎድ፣ የማታውና የቅዳሜ እሁዱ ኤክስቴንሽን ክፍያ፣ የክረምት ኮርስ፣ አንዱም ለጡረታ አይቆጠርም። የኮሌጅ ሰውን ከሌላው የመንግስት ሰራተኛ የሚለየው ይሄ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት በደሞዛችሁ አይደለም እኮ፣ በኤክስቴንሽኑ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈለው ከዛ ነው፣ የቤት ኪራዩ ከዛ ነው፣ ደሞዙ ለጤፍና ለዘይት ነው የሚያልቀው። ጡረታ ስትወጡ እንግዲህ ኤክስቴንሽኑ በአንድ ቀን ይቆማል፣ ከመደበኛ ደሞዙም ግማሽ አካባቢ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡና የአንድ አመት ገቢያችሁን በሁለት አምድ ፃፉት፣ በአንዱ መደበኛ ደሞዝ በሌላው የቀረው ሁሉ። ከዛ የአንድ ወር መደበኛ ደሞዙን በፐርሰንታችሁ አባዙትና የምትወጡበትን ወር ወጪ ከስሩ አስቀምጡ። መሀላቸው ያለው ክፍተት ነው የእናንተ እቅድ፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። አንድ የሚያግዝ ነገር፣ ከጡረታ አበል ላይ የስራ ግብር አይቆረጥም።

የሶስት አመቱን አማካይ ደግሞ በደንብ ተረዱልኝ፣ በተለይ ቀድማችሁ መውጣት የምታስቡ። 25 አመት ያገለገለ ሰው 60 ሳይሞላው፣ ከ55 ጀምሮ፣ ጠይቆ መውጣት ይችላል። አንዳንዱ ስራ ሰልችቶት ወይ የግል ኮሌጅ ጠርቶት ይወጣል፣ የሚወጣው ግን ልክ ደሞዝ በተጨመረ ማግስት ይሆናል፣ መስከረም 2018 ላይ እንደተጨመረው አይነት። "አዲሱን ደሞዝ ይዤ ወጣሁ" ብሎ ያስባል፣ አማካዩ ግን ወደ ኋላ 36 ወር ሄዶ አሮጌውን ደሞዝ ይሰበስባል። በቁጥር እንየው፣ ለምሳሌ ያህል ነው። 30 አመት ያገለገለ ሰው ሁለት አመት በ12,000 ሰርቶ የመጨረሻውን አንድ አመት በ18,000 ሰራ እንበል። አማካዩ 14,000 ነው፣ 55 በመቶው 7,700 ብር። ይሄው ሰው ሁለት አመት ቢታገስና በ18,000 ሶስት አመት ሞልቶት ቢወጣ አማካዩ 18,000 ይሆናል፣ አገልግሎቱ 32 ስለሚሆን ፐርሰንቱ 57.5 ነው፣ አበሉ 10,350 ብር። በየወሩ 2,650 ብር ልዩነት፣ እድሜ ልክ፣ በዛ ላይ ሲሞት ለሚስቱና ለልጆቹ የሚሰላውም ከዚሁ ላይ ነው። የደረጃ እድገትም እንዲሁ ነው፣ ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር የሚያሳድጋችሁን ዶክመንት በ58 አመታችሁ ከምታስገቡ በ55 አስገቡት፣ ሙሉ ሶስቱን አመት ይይዝላችኋል። ለአሰልጣኝም ለአስተዳደር ሰራተኛም ያው ነው፣ የሚገባችሁ እርከን ተዘሎ ከሆነ አሁን ጠይቁ።

ከ60 በኋላ በማራዘም የሚቆዩ አሉ፣ ህጉ ይፈቅዳል፣ ግን ማራዘም የኮሌጁ ፍላጎት ነው እንጂ የሰራተኛው መብት አይደለም። የትምህርት ክፍላችሁ በሙያው ሰው አጥቶ ከሆነ ይጠይቅላችሁ ይሆናል፣ ካልሆነ የለም፣ ስለዚህ እቅዳችሁን በማራዘሚያ ላይ አትመስርቱ፣ ከመጣ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ እንምጣ፣ እኔ ሰው ሲቸገር የማየው በብዛት እዚ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰው ሀብት ሂዱና "ፋይሌን አብረን እንየው" በሉ፣ መብታችሁ ነው። መጀመሪያ የምታዩት ስትቀጠሩ የሞላችሁትን የህይወት ታሪክ ፎርም ነው፣ ያ ቢጫ የሆነው ወረቀት። የጡረታ እድሜያችሁ የሚቆጠረው እዛ ላይ በፃፋችሁት የልደት ቀን ነው፣ ቆይታችሁ ባመጣችሁት የልደት ካርድ አይደለም። በ20 አመቱ ገብቶ ለመቀጠር ሲል ሁለት አመት ጨምሮ የፃፈ ሰው ዛሬ በዛው ነው የሚወጣው፣ ይሄ አይለወጥም፣ ግን ማወቅ አለባችሁ፣ የምትወጡበትን ቀን ሳታውቁ ምንም ማቀድ አይቻልም። ውጭ ሀገር የተማራችሁ መምህራን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፣ ፓስፖርትና ዲግሪ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የህይወት ታሪክ ፎርም በእኛ፣ መሀል ላይ አንዱ ፀሀፊ ሲገለብጥ ሳይቀይር ጽፎት 7 ወይ 8 አመት ልዩነት የተፈጠረበት ደብዳቤ አለ። እንደዚህ ያለ ወረቀት ካያችሁ ፋይሉ ውስጥ ዝም ብሎ እንዲተኛ አትተዉት፣ የማስተካከያ ደብዳቤ በፕሮቶኮል ቁጥር አሰርታችሁ ከሱ ጋር አያይዙት።

ስም ሌላው ነው። ቅጥር ደብዳቤ ላይ ወ/ማርያም፣ ዲግሪ ላይ ወልደማርያም፣ ባንክ ላይ ወልደ ማሪያም፣ ፋይዳ ላይ ደግሞ የአያት ስም ሌላ። ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለሲስተም ግን አራት ሰው ነው። ጡረታ የሚከፈለው በባንክ ስለሆነ የባንክ ደብተራችሁ፣ ፋይዳችሁ እና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ የተመዘገበበት ስም በፊደል አንድ መሆን አለበት። ትንንሹን ሰው ሀብት በደብዳቤ ይፈታዋል፣ የአባት ወይም የአያት ስም ለውጥ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ድረስ ስለሚሄድ ጊዜ ይፈልጋል፣ 59 ላይ የሚጀመር ስራ አይደለም።

ከዛ አገልግሎታችሁን በተከታታይ ደርድሩት። ገጠር ያስተማራችሁበት፣ ከዛ ወረዳ ትምህርት ፅህፈት ቤት፣ ከዛ ኮሌጅ፣ በየመሀሉ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ መልቀቂያ፣ የደሞዝ ማስረጃ አለ ወይ? የመጀመሪያው ት/ቤት ማስረጃ ብዙ ጊዜ ይጎድላል፣ በተለይ ወረዳው ለሁለት የተከፈለ ወይም ጦርነት የነካው አካባቢ ከሆነ። እዛ መስሪያ ቤት የሚያውቃችሁ ሰው፣ ፔሮል የያዘው ሂሳብ ሹም፣ ጡረታ ሳይወጣ ሄዳችሁ የአገልግሎት ማስረጃ ከነማህተሙ አምጡ። አምስት አመት ጠፋ ማለት 6.25 በመቶ ጠፋ ማለት ነው፣ እድሜ ልክ።

ያለ ደሞዝ ፈቃድ የወጣችሁበት ጊዜ ካለ ደግሞ መዋጮ ስላልገባበት እንደ አገልግሎት አትቁጠሩት። ለማስተርስ ወይ ለፒኤችዲ የተላካችሁ ደሞዝ እየተከፈላችሁ ከነበረ እና 7 በመቶው ሲቆረጥ ከነበረ ጥሩ፣ ደሞዝ ተቋርጦ ከነበረ ግን የትኛው ወር ላይ ቆሞ የትኛው ላይ እንደቀጠለ በፅሁፍ ያዙ። የትምህርት ግዴታ ውላችሁንም እዩት፣ ተማርኩበት ብላችሁ የፈረማችሁት የአገልግሎት አመት ሳያልቅ መውጣት እዳ ያመጣል። የግል ኮሌጅ ሰርታችሁ ለመጣችሁ፣ የግል ድርጅት ሰራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 በአዋጅ 715 ነው፣ አሁን 1268/2014 ተክቶታል፣ ከዛ ወዲህ የሰራችሁት ከመንግስቱ ጋር ይያያዝላችኋል፣ ግን ድርጅቱ እውነት መዋጮውን አስገብቶ ከሆነ ነው። ይሄንን የግል ድርጅት ሰራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ የራሳችሁን ደግሞ የመንግስት ሰራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጋ። ፔሮል ላይ "ጡረታ" ተብሎ መቆረጡ መግባቱን አያሳይም።

ቤተሰብ ላይ የምነግራችሁ ነገር ለመናገር ይከብዳል ግን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። ጡረተኛው ወይም ሰራተኛው ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ከ18 አመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል፣ በሟቹ ይረዱ የነበሩ እናትና አባትም ድርሻ አላቸው። ጡረታ ግን በኑዛዜ የሚተላለፍ ንብረት አይደለም፣ ለወንድሜ ለእህቴ ይሁን ማለት አይቻልም፣ የሚከፈለው ህጉ ለዘረዘራቸው ብቻ ነው። ፋይላችሁ ላይ ያለችው ሚስት የዛሬ 25 አመት የተፋታችኋት ከሆነች፣ አሁን አብራችሁ የምትኖሩት ደግሞ በሽማግሌ ወይ በቤተክርስቲያን ወይ በኒካ ተጋብታችሁ የትም ያልተመዘገበች ከሆነች፣ ሀዘን ላይ ያለች ሴት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ነው የምትንከራተተው። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ጋብቻውን አስመዝግቡ፣ ፍቺውን በፍርድ ወረቀት አስያዙ፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት አውጡ፣ ከዛ ኮፒውን ፋይላችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ያዙ። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ ካለም አስመዝግቡት፣ እናንተ በህይወት እያላችሁ ቀላል ነው።

ገንዘቡ ላይ፣ እዳ ይዞ 60 መግባት የለም። ብዙ ኮሌጅ ውስጥ የሰራተኞች ቁጠባና ብድር ማህበር አለ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን በ57 አመት የአምስት አመት ብድር ወስዶ ለልጅ ሰርግ ማውጣት ጡረታን አስቀድሞ መብላት ነው። የመጨረሻ ብድራችሁ ቢያንስ ከመውጫችሁ አንድ አመት በፊት ያለቀ ይሁን። ቁጠባን በተመለከተ ባንክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ብር በኑሮ ውድነቱ እንደሚበላ ሁላችሁም አይታችኋል፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ የእቃው ዋጋ ግን ለብዙ አመት ከዛ በላይ ሲጨምር ነው የከረመው፣ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። የጡረታ አበልም መንግስት በየጊዜው ያሻሽለዋል እንጂ ከገበያው ጋር አብሮ አይወጣም። ለዛ ነው እኔ ለመምህራን አስቀድሜ የምለው ቤት ነው። በማህበር ተደራጅታችሁ መሬት የደረሳችሁ፣ ሁለት ክፍል ሰርታችሁ ግቡና ሌላውን በኤክስቴንሽኑ ብር ቀስ እያላችሁ ጨርሱ፣ የሚከራይ አንድ ሰርቪስ ቤት ከኋላ ካለ ጡረታችሁን ያግዘዋል። ኪራይ እየከፈሉ በጡረታ መኖር በጣም ከባድ ነው። የኮሌጁ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ቤቱ ከስራው ጋር እንደሚያበቃ አስቡበት፣ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ስላደጉ የራስ ቤት ይመስላል፣ አይደለም። አክሲዮን፣ እቁብ፣ የከብት ማድለቢያ፣ እንደየሰዉ ነው፣ ብቻ እድሜ ልክ ያጠራቀሙትን ብር 60 ሲሞሉ አንድ ጊዜ የማያውቁት ንግድ ውስጥ መክተትን አልደግፍም። ንግድ ካሰባችሁ በ52 በትንሹ ጀምሩት፣ ቢከስርም ደሞዝ እያለ ይክሰር።

እና ሙያችሁ አለ። የጤና ሳይንስ መምህር የግል ኮሌጅ በፓርት ታይም ይፈልገዋል፣ የፖሊ ቴክኒክ አሰልጣኝ የብቃት ምዘና መዛኝ ሆኖ መስራት ይችላል፣ ግን የመዛኝነት ሰርተፊኬቱን ስራ ላይ እያላችሁ አውጡት። የኤሌክትሪክ፣ የብየዳ፣ የልብስ ስፌት አሰልጣኝ የራሱን ሾፕ ቢከፍት ተማሪዎቹ ራሳቸው ደንበኛ ናቸው። ጡረታ እየተቀበላችሁ መልሶ በመንግስት ቋሚ ቅጥር መግባት ግን አበሉን ሊነካው ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት ማህበራዊ ዋስትና ጋ ጠይቁ።

ክሊራንስ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። ከላይብረሪ እስከ ፋይናንስ፣ ከግምጃ ቤት እስከ አይሲቲ፣ ከቁጠባ ማህበሩ እስከ ትምህርት ክፍሉ እየዞራችሁ የምታስፈርሙት ወረቀት ነው፣ አንዱ ፊርማ ከጎደለ መልቀቂያው አይወጣም፣ መልቀቂያው ካልወጣ የጡረታ ፋይሉ አይሄድም። ግምጃ ቤት ጋ በሞዴል 22 (የእቃ ወጪ ደረሰኝ) በስማችሁ የወጣ እቃ ሁሉ ካርድ ላይ ተቀምጧል፣ የዛሬ 15 አመት ለወርክሾፕ የወሰዳችሁት ድሪል፣ ለዲፓርትመንቱ ብላችሁ የፈረማችሁበት ፕሮጀክተር፣ የስራ ባልደረባችሁ ከናንተ ተውሶት ዩኒቨርሲቲ የገባበት እቃ። እቃው ተሰብሮ ተጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ላይ ግን እናንተ ጋ ነው ያለው። በየአመቱ ሰኔ ላይ ንብረት ሲቆጠር "በስሜ ያለውን ዝርዝር ስጡኝ" በሉ፣ የተበላሸውን በተበላሸበት አመት በኮሚቴ አስወግዱት፣ የመለሳችሁትን ገቢ የተደረገበትን ሞዴል 19 ኮፒ ቤት አስቀምጡ፣ ለሌላ ሰው የሰጣችሁት ካለ በሱ ስም ይዛወር። ላይብረሪም እንደዛው፣ የጠፋ መፅሀፍ ዛሬ ቢተካ ይሻላል፣ አንዳንዱ እትም በኋላ ገበያ ላይ አይገኝም።

የመጨረሻው አመት ላይ ስትደርሱ ያልወሰዳችሁት የአመት እረፍት ስንት ቀን እንደሆነ በፅሁፍ አስወጡ፣ ጉርድ ፎቶ ተነሱ (የባልና የሚስትም)፣ የሁሉንም ደብዳቤ ኮፒ ሁለት ሁለት አድርጉ፣ አንዱን እህታችሁ ወይ ልጃችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ስካን አድርጋችሁም ስልካችሁ ላይ ያዙ። ኮሌጁ ፎርሙን ሞልቶ ወደ ማህበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሲልከው የተላከበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ውሰዱ፣ ከዛ በሳምንት በሳምንት ራሳችሁ ተከታተሉ፣ ሰው ሀብት ያለን ሰዎች የናንተ ብቻ አይደለም የያዝነው። ደሞዝ ቆሞ የመጀመሪያው አበል እስኪገባ ክፍተት ሊኖር ስለሚችል የሶስት ወር ወጪ፣ የሚቻል ከሆነ የአራት፣ ለብቻው ይቀመጥ። የጤና መድኑንም በዛው ሰሞን ቀበሌያችሁ ጠይቁ፣ የምዝገባ ወቅት ስላለው ካለፈ እስከሚቀጥለው ትጠብቃላችሁ። የመጀመሪያው አበል ሲገባ የውሳኔ ደብዳቤውን ከጎን አድርጋችሁ የአገልግሎት አመቱን፣ አማካይ ደሞዙን እና ፐርሰንቱን በራሳችሁ ካልኩሌተር አስሉት፣ ካልገጠመ በዛው ሰሞን በፅሁፍ አቤት በሉ፣ ቆይቶ ይርጋ አለበት፣ የአቤቱታ ጊዜው ያልፋል።